የጋሼ ጣውላ፦ ከዱባይ እስከ ሩብ አል ኻሊ አሸዋ

ከመነሳታችን በፊት፣ ዱባይ

ጉዞው ዘጠኝ ቀን ነው የፈጀው። እቅዱ ግን አራት ወር በላ። አንድ የቆየ የሂሳብ ደብተር አውጥቼ ለአራት ከፈልኩት፦ ነዳጅ፣ ውሃ፣ ጎማ፣ ወረቀት። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አንዱን እጽፋለሁ፣ ሌላውን እሰርዛለሁ።

መንገዱ እንዲህ ነበር። ከዱባይ ተነስተን በአል ዓይን በኩል ኦማን እንገባለን። ከዚያ ኢብሪ፣ አዳም፣ ሃይማ፣ ቱምራይት። ከቱምራይት ወደ ምዕራብ ታጥፈን ሩብ አል ኻሊ ጫፍ ላይ አንድ ሌሊት እናድራለን። ሩብ አል ኻሊ ማለት ባዶው ሩብ ማለት ነው። ሳዑዲን፣ ኦማንን፣ ኤምሬትስንና የመንን የሚያካልል ታላቅ የአሸዋ በረሃ ነው። ቀጥሎ ሰላላ። መመለሻችን በባሕሩ ዳር፣ በሚርባትና በዱቅም።

አራት ሰው፣ ሁለት መኪና ነን። እኔና ባለቤቴ በፓጄሯችን፣ ጓደኛዬና አባቱ በላንድክሩዘሩ። አሸዋ ውስጥ በአንድ መኪና ብቻ አይገባም። ይህን የነገረኝ ሁሉ አንድ ቃል ነው የተናገረው፣ እኔም ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ።

የጓደኛዬን አባት ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዘመናቸው የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ወደቡ ለእኛ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ተሳቢ ይዘው የአፋርን በረሃ ሲመላለሱበት ኖረዋል።

ነዳጁን ጨርሼ አስልቻለሁ። የፓጄሮው ታንከር 88 ሊትር ይይዛል። አስፋልት ላይ መቶ ኪሎ ሜትር በ14 ሊትር ይሄዳል። አሸዋ ላይ እጥፍ አድርጌ ቆጠርኩ። ኦማን ውስጥ 95 የሚባለው ቤንዚን ያን ጊዜ ሊትሩ 239 ባይሳ ነበር። አንድ ሺህ ባይሳ አንድ ሪያል፣ አንድ ሪያል ዘጠኝ ድርሃም ተኩል ገደማ። ከዱባይ ትንሽ ይረክስ ነበር ማለት ነው። ውሃ ለአራት ሰው 60 ሊትር ያዝን። እንዳይነካ የተባለ ሌላ 20 ሊትርም አለ።

አንድ ቅዳሜ ደብተሩን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ስኮርቱን አይተኸዋል?»

አራቱን ጎማ በሙሉ አይቻለሁ። ስኮርቱን ግን አላየሁም። ፓጄሮ ላይ ስኮርቱ በኋላው በር ላይ ተሰቅሎ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ ክዳኑን ከፍቼ አላውቅም።

«ክሪኩን በምን ላይ ነው የምታስቀምጠው?»

መሬት ላይ አልኳቸው። «አሸዋ መሬት አይደለም ልጄ፤ ይውጠዋል» አሉኝ።

«ሳትመለሱ ብትቀሩ ማን ነው የሚፈልጋችሁ?»

ለሦስተኛውም መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ማታ የስኮርቱን ክዳን ከፈትኩ። ጎማው አዲስ ይመስላል፣ ጥርሱ አልተነካም። ጎኑ ላይ የታተመው ቁጥር ግን 1214 ይላል። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ12ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አሥር ዓመት ፀሐይ በልቶታል። በጣቴ ስጫነው ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከፈተ። በማግስቱ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ በ450 ድርሃም ቀየርኩት።

ለሁለተኛው ጥያቄ ጋሼ ራሳቸው መልስ አመጡ። ከአንድ የግንባታ ቦታ ለምነው ያገኙት ጣውላ ነው። ክንድ በክንድ የሚሆን፣ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው። ቦታ የለንም አልኳቸው። ዝም ብለው የራሳቸው እግር ሥር አስቀመጡት። ለሦስተኛው ደግሞ የባለቤቴ እህት ዱባይ ላይ የጉዞውን ቀንና ቦታ የያዘ ወረቀት ወሰደች። ከበረሃው በምንወጣበት ቀን እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ካልደወልን የኦማን ፖሊስ ቁጥር 9999 ላይ ትደውላለች።

ወረቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር። መኪናችሁ የባንክ ዕዳ ካለበት ድንበር ለማሻገር የባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። መድኑ ኦማንን መሸፈኑን የሚያሳየው ብርቱካናማ ካርድም እንዲሁ። ሁለቱን በጊዜ ጠይቁ፤ ከእጃችሁ ከገቡ በኋላም አንብቧቸው። ለምን እንደምል አሁን ታያላችሁ።

ቅዳሜ ኅዳር 21፣ አዳም

የኤምሬትስ ብሔራዊ በዓል ዕረፍት ስለነበር ቀኑን እኔ ነበርኩ የመረጥኩት። ጋሼ ግን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የኅዳር ጽዮን ዕለት መሆኑ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሁለቱ መኪናዎች መካከል ቆመው ጸሎት አደረሱ። ከዚያ በያዙት ብረት እያንዳንዱን ጎማ እየመቱ ድምፁን አዳመጡ። የስምንቱንም።

ድንበር ላይ ብርቱካናማው ካርድ ላይ የታርጋችን ቁጥር አንድ አሃዝ ተሳስቶ ተገኘ። መድን ሰጪው ነው የተሳሳተው። እኔም ሳላየው ሁለት ሳምንት ኪሴ ይዤው ዞሬያለሁ። እዚያው ድንበር ላይ ሌላ መድን እስክንገዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ሃይማ ለማደር ያሰብነው በዚሁ ቀረ። በረሃው መንገድ ላይ በጨለማ መንዳት አልፈለግንም፤ ግመል አለ። አዳም ላይ በ15 ሪያል አንድ ክፍል ይዘን አደርን።

ደግ አደረግን። አዳም የቴምር ከተማ ናት። የዛሬው የኦማን ገዢ ቤተሰብ መሥራች ኢማም አሕመድ ቢን ሰዒድ የተወለዱባት ናት። ማታ በቴምሩ መካከል ስንዞር ውሃ በጠባብ ቦይ እየተንሿሿ ይሄዳል። ኦማኖች ፈለጅ ይሉታል። ከመሬት ሥር ከሩቅ ጠልፈው የሚያመጡት ውሃ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩና «ፈለግ አይደለም እንዴ ይሄ?» አሉ። ነው። ግዕዙ ፈለግ፣ ዐረብኛው ፈለጅ፣ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

የነቢያት ጾም ነው። አራታችንም እንጾማለን። ባለቤቴ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ይዛለች፤ እንጀራው ዱባይ ካለው ከዴይራ ሰፈር ነው የተገዛው። ለበረሃ ከበሶ የሚስማማ ምግብ አላውቅም። አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ሆድ ላይ ይቆያል።

እሑድ ኅዳር 22፣ ቱምራይት

ከአዳም በኋላ ዓለም ይዘረጋል። ኮረብታ የለም፣ ዛፍ የለም። ቢጫና ግራጫ ጠጠር እስከ ሰማይ ጥግ። መንገዱ ገመድ ተወጥሮ የተሠራ ይመስላል። እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። በረሃ ስል የማስበው ተራራ ያለው፣ ግራር ያለው፣ የደረቀ ወንዝ ያለው ነገር ነው። እዚህ ዓይን የሚያርፍበት የለም።

አደጋው እንቅልፍ ነው። እቅዳችን በየ150 ኪሎ ሜትሩ ሹፌር መቀያየር ነበር፤ ሳናዛንፍ ፈጸምነው። ለመቀያየሪያ የሕንዶቹ ሻይ ቤቶች ተመችተውናል። ካራክ ሻይ 100 ባይሳ። የምስር ወጥ በፓራታ፣ በሕንዶቹ ቂጣ፣ 600 ባይሳ። ሻዩ ወተት ስላለው እኛ ጥቁር አስደረግን። ፓራታውን በዘይት ብቻ ጋግርልን ስንለው ጋጋሪው «ጾም ነው?» አለን፤ እሱም የኬራላ ክርስቲያን ኖሯል። ሁለት ጨመረልን፣ ገንዘቡን አልቀበልም አለ።

ሃይማ አካባቢ ያለው ሜዳ ጂዳት አል ሐራሲስ ይባላል። እዚህ የዐረብ ሳላ ይኖራል። ሰውነቱ ነጭ ነው፤ አዋሽ ፓርክ ከምናውቀው ሳላ በቁመት ያንሳል። በ1972 እንደ ፈረንጆቹ የመጨረሻው የዱር ሳላ ተገድሎ ዘሩ ከዱር ጠፋ። በእንስሳት ማቆያ ከቀሩት አርብተው በ1982 እዚህ ለቀቁት። ዩኔስኮ ቦታውን በ1994 የዓለም ቅርስ አደረገው። በ2007 ደግሞ ሰረዘው፤ መንግሥት ነዳጅ ለመፈለግ ጥብቅ ክልሉን በ90 በመቶ ስለቀነሰው። ከዓለም ቅርስ መዝገብ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው። እኛ ሳላ አላየንም። አዋሽን እያሰብኩ ነዳሁ። የአዋሽ ሳላዎች በመኪና መስኮት ይታያሉ፤ ልጅ ሆኜ ከባቡር አይቻቸዋለሁ። እንደዚህ እንዳይሆኑ እፈራለሁ።

ሰኞ ኅዳር 23፣ አሸዋው ውስጥ

ቱምራይት ላይ ሁለቱንም ታንከርና አራት ጀሪካን ሞላን። ከዚህ በኋላ ማደያ አለ ብለን አናስብም፤ ቢኖርም እንደሌለ ቆጥረናል። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ገዛን።

መጀመሪያ ሺስር። የጥንቷ የኡባር ከተማ ናት ተብሎ የሚነገርላት ፍርስራሽ ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ፣ ከሳተላይት በተነሱ ፎቶዎች ላይ የጥንት የግመል መንገዶችን ተከትለው ነው ቆፋሪዎች የደረሱባት። ምሽጉ ከሥሩ በነበረው ዋሻ ተደርምሶ ግማሹ ጉድጓድ ገብቷል። እውነት ኡባር ናት አይደለችም በሚለው ምሁራን አይስማሙም። እኔን የገረመኝ ውሃው ነው። ለብዙ ቀን መንገድ የሚበቃ ጉድጓድ እዚህ ስለነበረ ነው ዕጣን የጫነ ግመል ሁሉ በዚህ ያለፈው።

ከሺስር ወደ አል ሐሽማን ያለው መንገድ ጠጠር ነው፣ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቧል። ቀስ ብለው ሲነዱ መኪናው ጥርስ ያንገጫግጫል። ፈጠን ሲሉ ከሽብሽቡ ጫፍ ጫፍ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ግን አይታመንም። ጋሼ ላንድክሩዘሩን ተረክበው ፊት ፊት መሩን። ኋላቸው ሆኜ እጃቸውን አያለሁ። መሪውን አጥብቀው አይዙትም፣ ጣታቸውን ጣል አድርገው ይተውታል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አሸዋው መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ ሮዝ ደመና መስሎ። ቀርበን ስናየው እንደ ቤት ፎቅ ከዚያም በላይ የቆመ የአሸዋ ተራራ ነው። ቆመን የጎማውን ነፋስ ከ33 ወደ 15 ፒኤስአይ አወረድን። ጎማው ሆዱን ዘርግቶ ሲተኛ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። የቀሩት ሕጎች ደብተሬ ላይ አሉ፦ ፍሬን አትርገጥ፣ ዝም ብለህ በራሱ እንዲቆም ተወው። ስታቆም አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርግ። በዝቅተኛ ነፋስ በድንገት አትታጠፍ።

የመጨረሻዋን ሕግ እኔ ጣስኳት። አንድ ጫፍ ላይ ወጥቼ ከወዲያ ያለው ገደል መሆኑን ሳይ ደንግጬ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። ጧ አለ። የፊቱ የቀኝ ጎማ ከቸርኬው ወለቀ።

ፀሐይ ለመጥለቅ አንድ ሰዓት ቀርቷታል። ስኮርቱን አወረድን። ክሪኩን አስገብተን ማንሳት ስንጀምር መኪናው ሳይሆን ክሪኩ ነው ወደ ታች የሚሄደው። ጓደኛዬ ዞር ብሎ አባቱን አየ። ጋሼ ሳንጠራቸው ጣውላውን ይዘው መጥተው ነበር። አሸዋውን በእጃቸው ጠረጉ። ደረቁን አንስተው ከሥር ያለው እርጥበት ያለው ላይ ደረሱ። ጣውላውን አስቀምጠው በጉልበታቸው ወጡበት፣ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሱት። «አሁን ክሪክህን አምጣ» አሉኝ። ፓጄሮው ተነሳ። ጎማውን ስንቀይር ሃያ ደቂቃም አልሞላ። ያ የአሥር ዓመት ጎማ ቢሆን ኖሮ በ15 ነፋስ በዚያ አሸዋ ላይ የት ድረስ እንደሚወስደን አላውቅም።

እዚያው አደርን። ባለቤቴ ከሰል አያያዘችና ቡና አፈላች። ጀበናው አሸዋው ላይ ተተክሎ ቆመ፤ ማቶት አላስፈለገውም። ዕጣኑ ገና ጭስ ሲያወጣ የመኪና መብራት መጣ። አንድ የአካባቢው ሰው ነው። የእኛን መብራት ከሩቅ አይቶ ችግር የደረሰብን መስሎት ነው የመጣው። ጋሼ በአሰብ ወደብ የለመዱትን ዐረብኛ አወጡ። ሰውየው ተቀምጦ የሰጠነውን ቡና ጠጣ። አቦል ጠጥቶ ሲኒውን ወዘወዘ፤ በእነሱ ልማድ በቃኝ ማለት ነው። ጋሼ በእኛ ሦስት ነው ብለው አስረዱት። ሦስተኛዋን እስኪጠጣ ጠበቀ።

ከዚያ የእኛን ዕጣን አንስቶ በመብራት አየው፣ አሸተተው። ምንም አልተናገረም። መኪናው ጋ ሄዶ የራሱን አመጣና ሁለት ፍሬ ከሰላችን ላይ ጣለ። የእኛ ወፍራም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል። የእሱ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ሁለቱ ጭስ ተቀላቅሎ ወደ ላይ ወጣ። ነፋስ አልነበረም። ብርዱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ መጣ፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበንም አጥንት ገባ።

ማክሰኞ ኅዳር 24፣ ከድንኳን ወደ ሰላላ

ሰውየው ነገሩን አስረድቶን ነበር። አሸዋው በጠዋት ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን፣ አንድም ጊዜ ሳንያዝ ወጣን።

ድንኳኑ በመንገዳችን ነው። ሳትገቡ አታልፉም አለ። ግመሏን እዚያው ፊታችን አለቧት። ሰፊ የብረት ጎድጓዳ ሳህን፣ አረፋው ከአፉ በላይ የቆመ፣ እንፋሎቱ የሚታይ። ለጋሼ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሷይም» አሉት። ጾመኛ ነኝ ማለት ነው። ሰውየው ግራ ተጋባ። ረመዳን ገና ነው። ጋሼ እስከ ዒሳ ልደት ድረስ የምንጾመው ጾም ነው አሉት። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም።

እንግዳ ወተት ሲመልስ ነውር እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። ሰውየው ግን ሳህኑን ለትንሽ ልጁ አቀበለ። ወደ ውስጥ ገብቶ በትሪ ቴምርና ሄል የበዛበት ቡና ይዞ ተመለሰ። ከፊታችን ተቀምጦ «ቴምር ይፈቀዳል?» ብሎ ጠየቀ። ይፈቀዳል ስንለው ፊቱ ፈታ አለ። አባቴ ድሬዳዋ ላይ በረመዳን ጎረቤቶቻችን ፊት ውሃ አይጠጣም ነበር። እሱን አስታወሰኝ።

ለምሳ ቱምራይት ገባን። ለባለቤቴ እህት ከሰዓቱ ቀድመን ደወልን። ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ነበር የዋለችው።

ወደ ሰላላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ዋዲ ዳውካ አለ፣ የዕጣን ዛፎች የተጠበቁበት ሸለቆ። ዛፉ አጭር ነው፣ ከሥሩ ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ይላጣል። አንዱ ዛፍ የተላጠበት ቦታ ላይ ወተት የመሰለ ጠብታ ቆሟል። ነካሁት፤ ጣቴ ማታ ድረስ ሸተተኝ። ይህ ዝርያ ከእኛ ከመተማው ዕጣን ዛፍ የተለየ ነው፣ ግን ዘመዳሞች ናቸው። ሰላላ ገበያ ውስጥ ሆጃሪ የሚባለውን አረንጓዴማውን በአምስት ሪያል ትንሽ ከረጢት ገዛን።

ረቡዕ ኅዳር 25፣ ሱምሁራም

ስለ ሰላላ ሙዝና ኮኮናት ብዙ ተጽፏል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ኸሪፍ ሲመጣ ተራራው እንደ ክረምት ጎጃም ይለመልማል ይላሉ። እኛ የደረስነው ደርቆ ነው። መንገድ ዳር ኮኮናት ጠጣን፣ ሳር የሚግጡትን ትናንሽ ላሞች አየን፣ ወደ ምሥራቅ ነዳን።

ኮር ሮሪ የምትባል የባሕር ገባ አጠገብ ሱምሁራም አለች። ዕጣን በመርከብ ይጫንባት የነበረች ጥንታዊ የሐድረሞት ሰዎች ወደብ ናት። በሩ ላይ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ከእሱ ፊት ቆሜ ከአጥንቴ ተንቀጠቀጥኩ። የምንጽፍበት ፊደል የወጣው ከዚህ ጽሑፍ ቤተሰብ መሆኑን በወሬ አውቀዋለሁ። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ቀረቡ። ጣታቸውን ከድንጋዩ ሳያስነኩ በአየር ላይ እየሄዱ አንድ ክብ ፊደል ላይ ቆሙ። «ዐይኑ ዐ» አሉ። ቀጥሎ መሐሉን መስመር ያለፈበት ክብ። «ቀ»። ከዚያ ሦስት ጣት ወደ ላይ የዘረጋው። «ሐመሩ ሐ»። ቋንቋውን አናውቀውም፤ ምን እንደሚል አልገባንም። ፊደል የቆጠሩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ድንጋዩ ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲያ ሆኖ ይመልስላቸዋል። ከዚያ በር ላይ ለመነሳት ጊዜ ወሰደብን። ሚርባት የደረስነው ጀምበር ጠልቃ ነው።

ሐሙስና ዓርብ፣ ኅዳር 26 እና 27፣ የባሕሩ መንገድ

ከሐሲክ እስከ ሹወይሚያ ያለውን መንገድ የሚነዳ ሰው ጠዋት ይነሳ። ተራራው ባሕር ውስጥ ገብቷል፣ መንገዱ ከሁለቱ መሐል ተጠልፎ ተሠርቷል። ድንጋይ ይወድቃልና ቀስ ማለት ግድ ነው። ሚርባት ላይ ታንከር ሞልተን ነበር፤ ይህን ሁሉ ቦታ ያለ ጭንቀት ቆመን አየን። የዓሣ ማጥመጃ መንደሮች ላይ ሰርዲን አሸዋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ለምንድነው ብለን ስንጠይቅ ለግመል ነው አሉን። ዓሣ የሚበላ ግመል! ጋሼ ይህን ለአፋር ወዳጆቻቸው እነግራለሁ ብለው ደጋግመው አሉ።

ከዱቅም አልፈን ወደ ሰሜን ስንሄድ ነፋስ ተነሳ። አሸዋ አስፋልቱ ላይ እንደ ጎርፍ ይሻገራል። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ጠፍቶ ምሰሶዎቹ ብቻ ቀሩ። ጋሼ አቁሙ አሉ፣ ቆምን። አንድ ሰዓት ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ዳቦ ቆሎ ቆረጠምን። ነፋሱ ሲበርድ መንገዱ ላይ ጉልበት የሚደርስ የአሸዋ ቁልል ተኝቶ ነበር። በ100 ቢመጣበት ሌላ ታሪክ ነበር የሚሆነው።

ቅዳሜና እሑድ፣ ኅዳር 28 እና 29፣ ወደ ቤት

ድንበሩን በአሥራ አምስት ደቂቃ አለፍን። ኪሎ ሜትሩን ሳየው ከሦስት ሺህ ጥቂት አልፏል። ለአንድ መኪና ቤንዚን ብቻ 1,100 ድርሃም ገደማ ወጣ። ከ80 ሊትሩ ውሃ 23 ሊትር ተረፈ፤ ያልተነካው 20 ሊትርም እንዳለ ነው።

ቤት ስንደርስ ዕቃ አወረድን። ባለቤቴ ጀበናውን ስታጥብ ከአፉ አሸዋ ወጣ። ጣውላውን ከላንድክሩዘሩ አውጥቼ ለጋሼ አቀበልኳቸው። ክሪኩ የቆመበት ክብ ምልክት መሐሉ ላይ ታትሟል።

«ደብተርህን አምጣ» አሉኝ።

አመጣሁ። ባዶ ገጽ ላይ ጻፍ አሉኝ። ከተለዩት ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው የአሰብ መንገድ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፦ ሚሌ። ሎጊያ። ሰርዶ። ዲቼኦቶ። ኤሊዳር። ማንዳ። ቡሬ። አሰብ። በየስሙ አጠገብ ውሃ የት እንደነበረ፣ ጥላ የት እንደነበረ፣ ጎሚስታ የት እንደነበረ አስጻፉኝ። ማንዳ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች» አሉ። «እሷንም ጻፋት።»